ነጭ ዓሣ ሽቅብ ሲወጣ

ሰኔ ሲገባ ጫግኒ ላይ ዝናብ ሰዓት አይመርጥም። ጠዋት ፀሐይ አይቶ ልብስ ያሰጣ ሰው ከቀትር በፊት ሮጦ ያነሳል። ከእንጅባራ ደጋ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ግልገል በለስ፣ ወደ ማምቡክና ወደ ጉባ ይዘልቃል። በጋውን ድንጋይ ለድንጋይ እየተረገጡ ይሻገሯቸው የነበሩት የአካባቢው ወንዞች፣ ዱራም አርዲም፣ በዚህ ሰሞን መልካቸው ይለወጣል። ውኃቸው ቀይ አፈር ይዞ ይወፍራል፤ ድምፃቸው ዳገቱ ላይ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ይደርሳል።

ከድልድይ ዝቅ ብሎ ዕድሜው አሥራ አምስት ቢሆን ነው የሚባል ልጅ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ቋጥኝ ላይ ቆሟል። በእጁ ሸንበቆ ዘንግ፣ አጠገቡ ትል ያለበት ጣሳ። ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የያዙ አንድ አዛውንት ከኋላው ቆሙ።

«ያዘልህ ወይ ልጄ?»

«ኧረ ምንም የለ አባባ። ውኃው ደፈረሰብኝ።»

«ሲደፈርስ አይደል እንዴ የሚወጣው! ይህን ጊዜ ሆዷን ሞልታ ሽቅብ ነው የምትሄድ።»

«ወዴት ነው የምትሄድ?»

«ወደ ላይ ነዋ። ጠጠር ወዳለበት። እንቁላሏን ልትጥል።»

ከዚያ አዛውንቱ በልጅነታቸው ያደርጉት የነበረውን አወጉ። የብርብራ ፍሬ ይለቀምና ይወቀጣል። ዱቄቱ ወንዙ ረጋ ብሎ ከሚጠልቅበት ቦታ ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁ ይለቀማል፤ ትንንሹን ውኃው ይወስደዋል። «ያኔ የሚያልቅ አይመስለንም ነበር» አሉ። ልጁ መንጠቆውን ስቦ አወጣና አዲስ ትል ሰካበት።

ብርብራ የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው ውኃ በስንጥቡ በኩል ሲያሳልፍ ሮቴኖን ደሙ ውስጥ ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ዓሣው በውኃ ተከብቦ ሳለ ይታፈናል። መርዙ ትልቅና ትንሽ፣ ወንድና ሴት፣ የሚበላና የማይበላ አይለይም። በክረምት መግቢያ ሲበተን ደግሞ የሚገድለው እናቲቱን ብቻ አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ ያለውን እንቁላል ሁሉ አብሮ ነው። ዛሬም በአባይ ተፋሰስ ወንዞች ላይ ይህ አሠራር ጨርሶ አልጠፋም።

የዚህን ወቅት ዓሣ ለመረዳት መሬቱን ማየት ይጠቅማል። ጫግኒ ያለችበት የአዊ ዞን ምድር ውኃ የሚከፋፈልበት ከፍታ ነው። ከዞኑ በስተምሥራቅ፣ በዳንግላ በኩል የሚዘንበው ዝናብ ወደ ግልገል አባይ ይገባል። ግልገል አባይ ሰከላ ላይ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁም እርሱ ነው። በስተምዕራብ ግን፣ ጫግኒ ባለችበት ጥግ፣ ውኃው ጣናን አያይም። ዱራና አርዲ፣ ከዚያም ወዲያ በለስ፣ በቆላው በኩል በቀጥታ ወደ አባይ ይወርዳሉ። በአንድ ቀን ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ እኩሌታው ጣና ገብቶ፣ በጢስ አባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን በረሃ ለበረሃ ዞሮ ጉባ ይደርሳል፤ እኩሌታው በአቋራጭ ቀድሞት ይጠብቀዋል።

ከግንቦት 2002 ዓ.ም ጀምሮ ሦስተኛ መንገድ ተከፍቷል። በዚያ ዓመት ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የጣናን ውኃ ተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ አሻግሮ ወደ በለስ ይለቃል። 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ድሮ በበጋ ይሳሳ የነበረው በለስ ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የጣናን ውኃ ይዞ ይወርዳል። በጫግኒ በኩል ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በለስን ሲሻገር ከጎንደርና ከጎጃም የተሰበሰበ ውኃ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ዓሣው።

ጣና ላይ አስጋሪዎች በዋናነት የሚያውቋቸው ዓሦች አራት ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ቤሶና ነጭ ዓሣ። (የጫሞ ሐይቁ ነጭ ዓሣ ሌላ ነው፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም።) የጣናው ነጭ ዓሣ ገበያ ላይ በአንድ ስም ይሸጥ እንጂ አንድ ዓሣ አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና ዓሦች የተወሰኑትን ለሳይንስ ዓለም አስተዋውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ልዩነታቸው የአንድ ዝርያ መልክ መለያየት ነው ተብሎ ታለፈ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሐይቁን ዞረው፣ ዓሦቹን ለክተውና ሆዳቸውን ከፍተው የሚበሉትን ከመረመሩ በኋላ ነው 15 ዝርያዎች መሆናቸው የታወቀው። ሌቢዮባርበስ የሚባለው ወገን አባላት ናቸው።

ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ ለምን እንደሚደንቅ ላስረዳ። ነጭ ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ ነው፤ ይህ ቤተሰብ ደግሞ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ከጉሮሮው ጥልቀት ነው፤ የዋጠውን እዚያ ይፈጫል። የሚጠራቀምበት ጨጓራም የለውም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቆች ፓይክ የሚባል አዳኝ አለ፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር ወደ ኋላ ባዘነበሉ ሹል ጥርሶች የተሞላ፣ በሣር መካከል አድብቶ የሚወረወር። ዎልአይ የሚባለውም ጥርሰ ስል ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን መልሶ የሚያንፀባርቅ ሽፋን ስላለው በድፍርስ ውኃና በማታ አሳምሮ ያያል። እነዚህ ለአደን የተሠሩ ናቸው። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ጥርስ ሳይኖረው አዳኝ ሆነ። አንዱ አፉን አስፍቶ፣ ሌላው አካሉን አርዝሞ፣ ሌላው ዓይኑን አተልቆ፣ ሌላው አፈ ሙዙን አሹሎ ነው የደረሰበት። ቀሪዎቹ ሰባቱም ሥራቸውን ተከፋፍለዋል፤ ወፍራም ከንፈሩን ድንጋይ መካከል ሰክቶ የነፍሳት እጭ የሚመጥ አለ፤ ሣር የሚግጥም አለ።

ይህ ሁሉ የሆነው ሌላ ዓሣ ስላልገባባቸው ነው። ጢስ አባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወር ፏፏቴ ነው። ከበታቹ ያለው የአባይ ዓሣ፣ የናይል ፐርችን የመሰለ ጥርሳም አዳኝ ጭምር፣ ያንን ገደል መውጣት አልቻለም። ከሐይቁ ሥር በተወሰደ ደለል ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረ ያሳያል። እንደገና ከሞላ በኋላ ባዶውን የአዳኝ ቦታ የያዘው ነጭ ዓሣ ነው። በሥነ ፍጥረት አቆጣጠር ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። በዓለም ላይ ይህን የመሰለ የካርፕ ወገን ስብስብ የነበረበት ሌላ ሐይቅ የፊሊፒንሱ ላናዎ ነበር። እዚያ የባዕድ ዓሦች ተለቀቁ፣ ማስገሩም በዛ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከላናዎ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ጠፍተዋል ተብሎ ተመዘገበ። እንግዲህ ሙሉ ሆኖ የቀረው የጣናው ብቻ ነው።

በጋውን እነዚህ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ተበታትነው ይኖራሉ፤ ከፊሉ በጥልቁ፣ ከፊሉ በዳር፣ ከፊሉ በደንገሉ ሥር። ሰኔ ግን ይሰበስባቸዋል። ዝናብ ጥሎ ወንዞቹ ቀዝቃዛና አየር የጠገበ ውኃ ወደ ሐይቁ መላክ ሲጀምሩ ብዙዎቹ ዝርያዎች ወንዝና ሐይቅ ከሚገናኙበት አፍ ላይ መከማቸት ይጀምራሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖ፣ ግልገል አባይ፤ የጥናት መረብ የተዘረጋባቸው ወንዞች እነዚህ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉን እየቀዘፉ ሽቅብ ይወጣሉ። ዋናውን ወንዝ ትተው ወደ ገባሮቹ ይታጠፋሉ፤ የሚፈልጉት ጥልቀት የሌለው፣ ፈጣን፣ ጥሩ ውኃ ያለው የጠጠር ወለል ነው። እንቁላሉ ጠጠር መካከል ይወድቃል። ጭቃ ከተጫነው ይታፈናል፤ ውኃው ከቆመም እንዲሁ። ለዚህ ነው ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ለመውለድ ወንዝ የሚያስፈልገው። ሁሉም ዝርያ በአንድ ቀን አይወጣም፤ ቀድሞ የሚገባ አለ፣ መስከረም ላይ የሚገባም አለ። ወረፋ ያላቸው ይመስላል። ከእነርሱ በኋላ ጫጩቶቹ በመጉደል ላይ ባለው ወንዝ ቀስ እያሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

ለአስጋሪ ይህ ጊዜ በረከት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ ተበትኖ የከረመ ዓሣ በራሱ ጊዜ መጥቶ በጠባብ አፍ ላይ ይቆማል። ከዳር ዳር አንድ መረብ ዘርግቶ ማደር ይበቃል። ነዳጅ አይባክን፣ ሐይቅ መዞር የለ። ወንዝ ዳር ያለ ገበሬም እርሻው መካከል ሆኖ በአጥር፣ በቅርጫት፣ በብርብራም ቢሆን ይይዛል። ማንም ሰው ልጆቹን ለማብላት ቅርብ ያለውን ያነሳል፤ ይህን አልወቅስም። ችግሩ እንዲህ የሚያዘው እያንዳንዱ ዓሣ ሊወልድ የሄደ መሆኑ ነው።

ድሮም ይያዝ ነበር። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች ከደንገል በታሠረ ታንኳ ለዘመናት ሲያሰግሩ ኖረዋል። ታንኳ ግን ርቆ አይሄድም፤ ውኃ ሲጠጣም ይከብዳል። ለውጡ የመጣው በ1978 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ለደሃ አስጋሪ ገቢ፣ ለከተማ ሰው ምግብ። ባሕር ዳር የዓሣ ገበያ ሆነች፤ ዓሣ በበረዶ ተጭኖ አዲስ አበባ መግባት ጀመረ። ጀልባዎቹ ከሁሉ የሚፈልጉት ግን በክረምት የወንዞቹን አፍ ሆነ።

የደረሰው በቁጥር ተይዟል። በ1991 እ.ኤ.አ. እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በአሥር ዓመት ውስጥ በጣና የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ የመረብ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የጫጩቶቹ ቁጥር ከዚያም በባሰ ሁኔታ ወርዷል። ጫጩት ሲጠፋ ችግሩ የመውለጃው ቦታ ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ቀረሶ በዚያው ሐይቅ፣ በዚያው መረብ ሥር እንዲህ አልደረሰበትም። ምክንያቱ የአወላለዱ ልዩነት ነው። ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ መልሳ አፏ ውስጥ ታስገባለች። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ትወልዳለች፤ ወንዝም አትፈልግም። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በዓመት አንዴ፣ በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ሳምንት ነው የሚወልደው። ያን ሳምንት ከወሰዱበት ዓመቱን ወስደውበታል።

ከመረቡ ሌላ የመጡበት ነገሮችም አሉ። ርብ ላይ ግድብ ተሠራ፤ መራዊ አጠገብ ቆጋ ላይም ከዚያ ቀደም ብሎ። ለመስኖ ገበሬው ትልቅ ጥቅም ናቸው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን የማይዘለል ግድግዳ ናቸው። ለሕንፃ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር ዓሣው የሚወልድበት ራሱ ነው። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳር ከድኖታል፤ የከደነውም ዓሦቹ የሚሰበሰቡባቸውን የወንዝ አፎች ጨምሮ ነው። እምቦጭ በየመድረኩ ተነገረለት፤ ሰው ወጥቶ በእጁ ነቀለው። ስለ መውለጃ ጠጠር ግን ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። አረሙ ዓይን ላይ ያለ ነው፤ የዓሣው ጉዞ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ከጾም ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሲወራ ስላልሰማሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። የዓሣ ገበያ በአገራችን በጾም ይደምቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው፤ ከተማ ውስጥ ግን ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ጥብስ ያለበት ቤት ይሞላል። ዓቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚውል ነው፤ ያኔ ነጭ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ተበትኖ ስለሚኖር ፈላጊው ቢበዛም ጉዳቱ የከፋ አይደለም። የሐዋርያት ጾም ግን ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ መሰብሰብ በሚጀምርበት ሰኔ ላይ ይውላል። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ይጾማል፤ ነጭ ዓሣ ሆዷ ሞልቶ ወንዝ ውስጥ ያለችው በዚያው ሁለት ሳምንት ነው። ገዢው በሚበዛበት ጊዜ ዓሣውም ለመያዝ ቀላል ይሆናል። ይህን አንድም ሰው አላቀደውም፤ ሁለት የቀን አቆጣጠሮች፣ የቤተ ክርስቲያንና የዓሣ፣ አንድ ወር ላይ ተገጣጥመው ነው።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይረዳል፤ የምመርጠውም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታን ነው። እዚያ ዎልአይ የሚወልደው በሚያዝያ፣ የሐይቁ በረዶ እንደቀለጠ ነው፤ ልክ እንደኛው ነጭ ዓሣ ጠጠር ይፈልጋል፤ ወንዝ የሚወጣም አለ። ፓይክ ከእርሱ ትንሽ ቀድሞ፣ ውኃ በተኛበት ሣር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። በዚያ ጊዜ ሁለቱንም ማስገር የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው በእኛ ግንቦት መጀመሪያ በሚውል ቅዳሜ ነው። ያ ቅዳሜ የግዛቲቱ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው፤ ጀልባ ከየጎተራው ይወጣል፣ አያት የልጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል፣ የግዛቲቱ ገዥ ራሱ ዘንግ ይዞ ሐይቅ ላይ ይታያል፤ ይህ ልማድ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያን ቀን በዓል ያደረገው ከእርሱ በፊት ያለው መታገሥ ይመስለኛል።

እነርሱም ቢሆኑ ዓሣ አጥፍተው ያውቃሉ። በሚኒሶታ ሰሜን ሬድ ሌክ የሚባል፣ ከአንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንታ ሐይቅ አለ። አብዛኛው የኦጂብዌ ነባር ሕዝብ ይዞታ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዎልአዩ አለቀ፤ የሕዝቡ አስጋሪዎችም፣ ከውጭ የሚመጣው ባለ መንጠቆም በየበኩላቸው ከመጠን በላይ ወስደዋል። መጀመሪያ ነባሮቹ አስጋሪዎች የንግድ መረባቸውን በፈቃዳቸው አነሡ። በ1999 እ.ኤ.አ. ከግዛቲቱ መንግሥት ጋር ተፈራርመው ሐይቁ ለዎልአይ ተዘጋ። ጫጩት ተለቀቀ፤ መረቡ ሳይዘረጋ ቆየ። በ2006 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ዓሣው ተመልሶ ነበር። በመካከሉ ያለፉትን ዓመታት አስጋሪው ቤት እንዴት እንዳሳለፈ አስቡት፤ ኑሮው ከዚያ ሐይቅ የነበረ ሰው ነው። ግን የራሱ ሰዎች ተስማምተው የዘጉት ስለነበር ጸና።

በእኛ አገር የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። ጎርፍ የሚያወርድ ወንዝ አፍ ላይ በሌሊት የተዘረጋ መረብን ግን በወረቀት ማንሳት አይቻልም። የወንዙን አፍ የሚያውቀው፣ ማን መረብ እንደጣለ የሚያየው እዚያው ዳር ያለው ሰው ነው። እርሱ ካልተስማማበት ተቆጣጣሪ ከባሕር ዳር ተነሥቶ አይደርስም። እርሱ እንዲስማማ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የሚያጣው ገቢ በሌላ መተካት አለበት፤ በቀረሶ ቢሆን፣ በመስኖ ቢሆን፣ የተዘጋውን ወንዝ በመጠበቅ በሚከፈል ደመወዝ ቢሆን።

ይህን ሁሉ በጫግኒ ሆኜ የምጽፍበት ምክንያት ከዚህ ቁልቁል ያለው አዲሱ ውኃ ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም ውኃ መያዝ የጀመረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከኋላው ንጋት የተባለውን ሐይቅ ፈጥሯል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስፋቱ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የጣናን ግማሽ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ወጣቶች ተደራጅተው ማስገር ጀምረውበታል። በዚህ አስፋልት ሽቅብ ወደ ደጋ የሚመጣው የንጋት ዓሣ የሚያልፈው በጫግኒ ነው።

አዲስ የተገደበ ሐይቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ይሰጣል። ውኃው የዋጠው ደን፣ ሣርና የእርሻ አፈር ሲበሰብስ ውኃውን ያዳብራል፤ የማይታዩ ሕያዋን ይፈላሉ፣ ዓሣው እነርሱን በልቶ ይበዛል። አስጋሪው በየቀኑ ሞልቶ ይመለሳል። በሌሎች የአፍሪካ ትልልቅ ግድቦች የታየው ግን ይህ ድርሻ እየሳሳ መሄዱ ነው፤ የበሰበሰው ሲያልቅ ምርቱ ይወርዳል። በጥጋቡ ዓመታት የተገዛው የጀልባና የመረብ ቁጥር ግን አይወርድም፤ ያው ብዛት ጥቂት ዓሣ ላይ ይዘረጋል።

ሁለተኛው ነገር የሚገኘው ዓሣ ዓይነት ነው። ንጋት የተኛበት ቦታ ትናንት ወንዝ ነበር፤ ዓሣውም የወንዝ ዓሣ ነው። የቆመ ውኃ የሚስማማው እንደ ቀረሶ ያለው ይበዛል። የሚፈስ ውኃ የሚሻው፣ የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆነው ሁሉ ግን ሐይቁ ውስጥ አድጎም ቢሆን ለመውለድ ወደ ወንዝ መውጣት አለበት። ወደ ታች፣ ወደ ሱዳን መውረጃውም ከዚያ መውጫውም በግድቡ ተዘግቷል። የቀሩት በየጥጉ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ናቸው፤ ዋናው አባይ፣ በለስ፣ ከደጋው የሚወርዱትም። ጉማራ ለጣና የሆነውን ነገ እነዚህ ለንጋት ይሆናሉ። የወንዞቹ ራስ ደግሞ እዚህ ነው፤ በአዊና በመተከል ተራሮች ላይ። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ከሸፈነው፣ ክረምት ላይ ብርብራ ከተበተነ፣ ወንዝ አፍ በመረብ ከተዘጋ፣ በጣና በአሥር ዓመት የታየው በንጋትም ሊታይ ይችላል።

ልዩነቱ ንጋት አዲስ መሆኑ ነው። ጣና ላይ መረቡ ከገባ በኋላ ነው ሕጉ የመጣው፤ አስጋሪው የለመደውን መተው ነበረበት። ንጋት ላይ ግን ማኅበራቱ ገና እየተደራጁ ነው፤ ወጣቱ በክረምት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣልን ገና አልለመደውም። ከምዝገባው ጋር አብሮ «ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፍ ዝግ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ፣ የትኞቹ ወንዞች እንደሆኑም ቢዘረዘር፣ ማንንም ከያዘው አያስለቅቅም። ከዓመታት በኋላ ይጻፍ ቢባል ግን ብዙ ሰው ከኑሮው ማንሳት ይሆናል። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል፤ የባሕር ዳር የዓሣ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ በጣና ወንዞች ላይ ሲሠሩት ኖረዋል፤ እጃቸው የለመደው ነው። አዛውንቱም ሊጠየቁ ይገባል። ብርብራ ወቃጭ የነበረ ሰው ዓሣ የት እንደሚወልድ ከማንም በላይ ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ የዓሣ ተመጋቢው ድርሻ ቀላል ነው። በፍልሰታ ዓሣ የሚበላ ሰው ቀረሶ ይዘዝ። ለመለየት አይቸግርም፤ ቀረሶ ጎኗ ሰፋ ብሎ ወደ ክብነት ያደላል፣ ጀርባዋ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የሚዘልቅ እሾሃም ክንፍ አላት። ነጭ ዓሣ ረዘም ያለ፣ ብርማ ወይም ወርቃማ ቅርፊት ያለው ነው፤ ከአፉ ጥግ አጫጭር ጢሞች ይወርዳሉ፤ የጀርባው ክንፍ አጭር ሆኖ መሀል ላይ ይቆማል። ተፈልጦ በፊሌቶ መልክ ከቀረበ ግን አይለይም፤ ያኔ ሻጩን መጠየቅ ነው፤ ምን ዓሣ እንደሆነ፣ ከሐይቅ ይሁን ከወንዝ፣ ሲቀደድ ሆዱ ውስጥ እንቁላል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም።